ለየቤቱ የተመለሰ ሙሾ

«በይ እስቲ እማዬ፣ አልቅሺ።»

ምስጋናው እንዲህ ሲል የሰማሁት የግቢውን ቆርቆሮ በር ገና ሳልዘጋው ነው። ማን ሞተ ብዬ ደንግጬ ገባሁ። ማንም አልሞተም። አክስቴ ስሜነሽ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ምስጋናው ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል። ሚስቱ የዓመት ልጃቸውን ታቅፋ የጓዳው በር ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን የጭንቀት ነው። «ጀምሪያ፣ እየቀዳ ነው እኮ» አላት። አክስቴ ስልኩን አየችው፤ ሕፃኗን አየቻት፤ ብድግ አለችና ከግድግዳው ላይ ሰፌድ አውርዳ ስልኩ ላይ ደፋችበት፣ ጫጩት ከጭልፊት እንደሚሰወረው። «ደህና ባደረ ቤት! ሕፃን ታቅፋችሁ! ማንን ላልቅስ? አንተን ላልቅስ?» ድምጿ ጎርንኖ፣ መጨረሻው ላይ እየተሰነጠቀ ነው የሚወጣው። ምስጋናው ሰፌዱን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፤ ተወው። 

የተጠራሁት ለዚሁ ነበር። አክስቴ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ እብጠት ወጥቶባት ሐኪሞቹ አይተው ለባሕር ዳር ሪፈር ጽፈውላታል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቀኑ እየተላለፈ ቆይቶ አሁን ነገ ጠዋት መኪና ይወጣል ተብሏል። ምስጋናው ወደ ጓሮ ወሰደኝና ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ቀዶ ጥገናው ያድናታል፤ ድምጿ ግን እንደነበረው ላይመለስ ይችላል። ለእሷ አልነገሯትም፤ ታውቃለች። «በኖረችበት ዘመን ያለቀሰችው ሁሉ እዚህ ብቻ ነው ያለው» አለ የራሱን ግንባር በጣቱ እየነካ፣ የእሷ ግንባር የሆነ ይመስል። «አንድ መስመር የያዘላት ሰው የለም። እኔም አልያዝኩላት። ልጄ ስታድግ ድምጿን እንኳ ብትሰማው ብዬ ነው፣ እህቴ የወርቄ። አንቺን ትሰማሻለች፤ አግባቢያት።» የሥራ ሰዓት ረፍዶበታል፤ ጫማውን እየጠረገ ነበር ይህን የሚለው፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። አሳዘነኝ።

እኔን ትሰማኛለች ማለቱ ግን የቤታችንን ነገር አለማየቱ ነው። እናቴ አንጓች የስሜነሽ ታናሽ እህት ነበረች። ስሜነሽ ሙሾ ያላወረደችበት ለቅሶ በከተማችን በቆሰበር አልነበረም፤ ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ ፈረሰኛውን፣ ከሌላ አገር መጥቶ ዘመድ ሳይኖረው የሞተውን መምህር ሳይቀር አልቅሳለታለች። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛ እህቷ የሞተች ቀን ግን ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ወደ እሷ ዞረው ጠበቋት፤ ሬሳው እስኪወጣ ጠበቋት፤ አፏን አልከፈተችም። ሰው አወራ። አንዳንዱ ተጣልተው ነበር አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ለባዕድ እንጂ ለዘመድ አይሆንላትም አለ። እኔ ምንም አላልሁም። ከዚያን ወዲህ እኔና አክስቴ የምንገናኘው ለዓመት በዓል ነው፤ ስለ ድንች ዋጋ እናወራለን፣ ስለ ውርጭ እናወራለን፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። ቤቴ የእናቴ ፎቶ አለ፤ ልብሷም ሳጥኗም አለ። ስሟን የሚያነሳ አንድ ስንኝ ግን በየትም ሰው አፍ የለም። ነገ ያ ድምፅ ከሄደ ደግሞ መቼም አይኖርም። ይህን ለምስጋናው አልነገርሁትም። እሺ አልሁት ብቻ።

ተመልሼ ስገባ አክስቴ ሹራቧን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማለች። ሰፌዱ ወደ ግድግዳው ተመልሷል።

«ባጃጅ ጥሪልኝ» አለች።

«ወዴት ልትሄጂ ነው እቴቴ? ብርድ አይምታሽ ተብሏል እኮ።»

«ሙሾ የማን ነው?»

መልስ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር፤ አልፈለገችም።

«የሞተበት ሰው ነው። ማንም ሰው ደህና ቤት ቁጭ ብሎ አያነበንበውም፤ ሟርት ነው። የሞተበት ቤት ግን የራሱን ቢሰማ ምን ይሆናል? ለየቤቱ እመልሳለሁ። የሰው ዕቃ ይዤ ሐኪም ቤት አልተኛም።»

የመጣልንን ባጃጅ የሚነዳው ደረሰ የሚባል ሰው ነበር። ደረሰ ጢሙን ያሳደገ፣ ወሬ የሚወድ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሹፌር ነው። ነዳጅ በጥቁር ገበያ እየገዛ እንደሚሠራ፣ የኮንትራት ዋጋ ግን ሰው እንደ አምናው ካልሆነ እያለ እንደሚከራከረው እያወራ ዋናውን አስፋልት ይዞ ወረደ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ከሰል የጫኑ ጋሪዎች ከፊታችን ቅርጻቸው ብቻ እየታየ ያልፋሉ። በመስተዋቱ አክስቴን እያየ፣ «እማማ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ባጃጅ ላይ ሰው ፈርቶ አይሳፈርም እኮ። ዛሬ ገበያዬን ዘጉት» አላት። «አንተን ማን ይሳፈርሃል ዱሮስ» አለችው። ሳቀ። «ለእኔም እንግዲህ አንድ ጥሩ ስንኝ ያስቀምጡልኝ፤ ሰው ነኝ።» አክስቴ ሳትስቅ፣ «መጀመሪያ ስትሞት የሚጎድል ነገር ሥራ። ባዶ ላይ ምን ብዬ ላውርድ?» አለችው። ደረሰ እስከ ገበያው ድረስ ጸጥ ብሎ ነዳ፤ ሲያቆም ግን መሪውን ለቆ ወርዶ እጇን ይዞ አወረዳት።

መጀመሪያ የገባነው የዋሂዳ ሱቅ ነው። ዋሂዳ የሙነወር ሚስት ናት፤ ሙነወር ጨውና ስኳር ሲቸረችር ኖሮ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ ሰው ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የዘይት ጄሪካኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ሳሙናና በርበሬ አንድ ላይ ይሸታል። ዋሂዳ አንዲት ሴት በዘይት ዋጋ እየተከራከረቻት ነበር፤ ሴትዮዋ ከትናንት ወዲያ በስንት ገዝታ እንደነበር ትምላለች፤ ዋሂዳ ደግሞ «ከትናንት ወዲያማ እኔም ወጣት ነበርሁ» ትላታለች። አክስቴን ስታይ ሂሳቡን ትታ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። «እትዬ ስሜነሽ! በአላህ፣ እንዴት መጡ በዚህ ብርድ?» ብላ እጇን ሳመቻት፤ ሱቁን ለዘይት ገዢዋ አደራ ብላ ወደ ጓዳው ወሰደችን። ገዢዋ የራሷን ዘይት ራሷ ስትቀዳ ይሰማን ነበር።

ጓዳው ውስጥ በጆንያዎቹ መሐል ቁጭ አልን። ግድግዳው ላይ የሙነወር አሮጌ ሚዛን ተሰቅሏል፤ ሁለቱ የብረት ሳህኖች ሰንሰለታቸው ተወልውሎ ያበራል፤ ዋሂዳ የምትሠራው በዲጂታሉ ነው። ሙነወር የሞተ ለታ ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ከወጡ በኋላ፣ በጓሮ ሴቶቹ መሐል አክስቴ ያወረደችውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢያንስ ያውቀው ነበር። የሙነወር ወንድሞች ከዳንግላ የመጡት ለለቅሶው ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ሱቁን እንካፈል፣ ዕቃውን እንቁጠር ሊሉ ነበር። ያ ስንኝ ግን ከለቅሶው ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ሴቷ ሁሉ እንጨት ተሸክማም፣ ቅቤ ይዛም ትለዋለች። ወንድማማቾቹ በየሄዱበት ሲሰሙት ሦስቱን ቀን ተቀምጠው፣ ምንም ሳያነሱ ወደ ዳንግላ ተመለሱ። ሽማግሌ ቢላክ እንዲህ አይሆንም ነበር። ዋሂዳ ይህን ስታወራ እየሳቀች ነው። «የኋለኛውን መስመር ይዤዋለሁ፤ ልጆቼ ዛሬም ሚዛኑን የነካ ሰው ሲያዩ ይሉታል። የፊቱ ግን ጠፋኝ እትዬ። ሌሊት እየፈለግሁት እንቅልፍ አጣለሁ። ሰው እንዴት የባሉን ይረሳል?»

አክስቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታች። በዜማ አልነበረም፤ ዜማው አይወጣላትም፤ በንግግርና በዜማ መሐል ባለች ቀጭን መንገድ ነው የሄደችው።

«ሚዛኑን ተዉለት፣ ሱቁንም ክፈቱት፣
እጁን ነው ያጣነው፣ ብረቱን አትንኩት።»

ብላ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ አልገባኝም። ዋሂዳ «ብረቱን አትንኩት» ብላ ደገመችው፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አንድ ጊዜ ተሳሳተች፤ አክስቴ አቃናቻት፤ እንደገና አለችው። ለሁለተኛ ጊዜ ስትለው ሳቋ ጠፋ። «ሱቁንም ክፈቱት» አለች ለብቻዋ። «ይህ ነበር የጠፋኝ። ሱቁን ክፈቱ መባሌን ነበር የረሳሁት።» ሻሿን አፏ ላይ ጫነች። ስንወጣ ማር በብርጭቆ አሽጋ ሰጠቻት፤ «ለጉሮሮዎ። አላህ ድምፅዎን ይመልስልዎ» አለቻት። ሱቅ ውስጥ ያቺ ሴት አሁንም ነበረች፤ ዘይቷን ይዛ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ስለ ዋጋው አይደለም» አለችን።

ቀጥሎ በዩኒቨርሲቲው መንገድ ወደ ደሴ ቤት ሄድን። ደሴ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰነጠቀ ቀርቀሃ እንደ ጭራሮ ተከምሯል፤ እሱ መሬት ተቀምጦ በእግሩ ጣት እየያዘ ይልጋል። የመጀመሪያ ሚስቱ ሽታዬ የጡት ልጅ ትታ ነው የሞተችው። አሁን ሚልካ የምትባል የጸሎት ቤት ሰው አግብቷል፤ እሷ እሑድ እሑድ ትሄዳለች፤ እሱ ወደ የትም አይሄድም፤ በዚህም ሰፈሩ ይስቅበታል። አክስቴ የመጣችበትን ስትነግረው ቢላውን አስቀመጠና ወደ ጓሮ አየ። ሚልካ እዚያ ልብስ እያጠበች ነው። «እትዬ ስሜነሽ፣ ሌላ ቀን ቢያደርጉት። እሷ ባለችበት የሟቿን…» ብሎ አልጨረሰም።

«ሌላ ቀን የለኝም፣ አያ ደሴ።»

«ማንን ነው የምትደብቁት?» አለች ሚልካ። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ ከጀርባችን ቆማ ነበር። ደሴ ፊቱ ቀላ። «ማንንም» አላት። «እንግዲያ ለምን አንገትህን ትሰብራለህ? ሻይ እንኳ አልጠየቅሃቸውም!»

አክስቴ በጣም ዝግ ብላ ነገረቻት። ሽታዬ ስትሞት ያወረደችላትን ልትመልስ እንደመጣች፤ ቤቱ ግን አሁን የሚልካ እንደሆነ፤ ሚልካ በይ ካለቻት እንደምትል፣ ካላለቻት ተነስታ እንደምትሄድና ቅር እንደማይላት። ሚልካ እጇን በቀሚሷ ስታደርቅ ጊዜ ወሰደባት። ጓሮው ውስጥ ገመድ ላይ የልጅቷ የትምህርት ቤት ሹራብ ተሰጥቷል፤ ጭጋጉ ስላላለቀ አይደርቅም። «እኛ ቤት ሙሾ አይባልም፤ የሞተ በጌታ ዘንድ ነው ያለው» አለች። ደሴ «እንዳልኳችሁ» የሚል ዓይነት ትንፋሽ ተነፈሰ። «ግን…» አለች ሚልካ፣ «ሳይዜም ከሆነ፣ እንዲሁ በቃል፣ እኔም ልስማው። ፎቶዋን በየቀኑ እየጠረግሁ ስለ እሷ አንድ ቃል አላውቅም።» የመጨረሻውን ስትል ባሏን ነበር የምታየው። አክስቴ፣ «ማዜሙንስ ድምፅ ከወዴት አምጥቼ ልጄ» አለቻትና ሦስቱም ፈገግ አሉ። ከዚያ ተቀምጣ አለች፦

«ሽታዬ እሳት ልትጭር ጎረቤት ሄዳለች፣
ልጄን ያዙልኝማ፣ መጣሁኝ ብላለች።»

አሁንም ዞራ አየችኝ። አሁንም ዝም አልሁ። ዕቃ አቀብላ የሚይዝላት ስታጣ እጇ አየር ላይ እንደቀረ ሰው ነበር አስተያየቷ፤ ይህን ያህሉን አስተዋልሁ፤ ከዚያ በላይ አልገባኝም። ደሴ ጀርባውን ሰጥቶን ቀርቀሃውን አንስቶ ይልጋል፤ የሚልገው ግን ጨርሶ የላገውን ነው። ሚልካ ቆማ ቀረች። «ልጄን ያዙልኝማ» አለች። «ለማን ነው ያለችው?»

«ለያዘላት» አለች አክስቴ።

ሚልካ ሌላ አልጠየቀችም። ሄዳ ያልደረቀውን የልጅቷን ሹራብ ከገመዱ አወረደችው፤ ደረቷ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው፤ መልሳ ፈታ ሰቀለችው። ተመልሳ ስትመጣ፣ «ትንሽ ከፍ ትበልና እኔ ነኝ የምነግራት። እሱ ይበላሽበታል» አለች ባሏን በአገጯ እያሳየች። ደሴ ሳይዞር፣ «አዎ፣ አንቺ ንገሪያት» አለ። ስንወጣ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘን፤ በብብቱ ትንሽ የቀርቀሃ መደገፊያ ይዟል፤ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ስትተኛ ራስጌዋን ከፍ የሚያደርግላት። እሷም ተቀበለችው እንጂ አላመሰገነችውም። ከሁሉም ጋር እንዲህ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤቶችም ገባን። አንዱ ቤት ሰዎቹ ተሰደዋል፤ በሩ ላይ ቆማ ለተዘጋው በር አለችው። አንዱ ቤት ሽማግሌው መስማት ስለተሳነው ጆሮው ላይ መጮህ ነበረባት፤ መጮህ አይሆንላትም፤ ልጁ አፏን እያየ ለአባቱ ጮኸለት፤ የልጅየውም ድምፅ መሐል ላይ ተቋረጠ። በየቤቱ ሻይ ይፈላል፣ ስለ መንገዱ መከፈት ይጠየቃል፣ ስለ ኔትዎርክ መጥፋት ይወራል፣ ከዚያ እሷ ትላለች። በየቤቱ መጨረሻ ላይ ዞራ ታየኛለች። ድምጿ እየሳሳ ሄደ። ከሰዓት ላይ ስንደርስ ማሩን በማንኪያ እየላሰች ካልሆነ ቃሉ ከጥርሷ አያልፍም። እኔ ደግሞ በየቤቱ ስትጨርስ በሆዴ እቆጥራለሁ፤ የሰው ሁሉ አለ፤ የሁሉ ሰው ተመለሰ። የእሷ ደም ያልሆነው ሁሉ ተዳረሰ። የአንጓችስ? አለኝ ትለኝ ይሆን ብዬ በባጃጁ ውስጥ ጉልበቴ ጉልበቷን እየነካ እጠብቃለሁ፤ እሷ ጃንጥላዋን ይዛ መንገዱን ታያለች።

ዝናብ ሲጀምር ደረሰ የባጃጁን ሸራ አወረደና፣ «አሁንስ ወዴት?» አለ።

«ወደ ቤት» አለች አክስቴ።

አበቃ ማለት ነው። ደረሰ አዙሮ ሽቅብ ጀመረ። የመናኸሪያውን በር አለፍን፤ የምስጋናው ሰፈር መታጠፊያ ከሩቅ ታየ። በአፌ ያለው ቃል ከባድ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ያላልሁት ነገር ነው፤ ደግሞም ለታመመ ሰው የሚባል አይደለም፤ ነገ ደግሞ ማንም አይመልስልኝም።

«የእናቴስ?» አልኋት።

 ሸራው ላይ ዝናቡ ይደልቃል። አክስቴ አላየችኝም፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ እንደገና ጠመጠመችው። የለኝም የምትለኝ መሰለኝ፤ ለዚያ ራሴን እያዘጋጀሁ ነበር።

«ቤትሽ ሻይ አለ?» አለችኝ።

የምኖረው እናቴ በተወችልኝ ቤት ነው፣ ከድሮው ገበያ በላይ። አክስቴ ከለቅሶው ወዲህ ገብታበት አታውቅም። ገብታ ቆመች፤ የእናቴን ሳጥን አየች፤ ፎቶውን አላየችም፤ ከመስኮቱ ሥር ባለችው የቀርቀሃ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መሐሉ ላይ አልነበረም የተቀመጠችው። አንድ ጫፍ ይዛ፣ በግራዋ በኩል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትታ ነው። ሻዩን ዝንጅብል አብዝቼ አፈላሁላት። በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሹን ሳበችው፤ ጠጣች፤ እኔ በርጩማ ላይ ከፊቷ ተቀምጬ እሷን ላለማየት ዝናቡን አያለሁ። 

«የእህቷን አላወረደችም ሲባል ሰው ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ውሸታም። ተጣልተው ነበር አሉ። ሰምቻለሁ።» ኩባያውን አስቀመጠች። «የመጣልኝ ያኔውኑ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ከአፌ ጫፍ ነበር። ገባሁ፤ ተቀመጥሁ፤ ልጀምር ስል እንደ ልማዴ በግራዬ ዞር አልሁ፣ መቀነቷን አጥብቃ ተዘጋጅታ እንደሆነ ለማየት። ምን አየሁ? የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች። የምትቀበለኝ እዚያ ፊት ለፊት ተኝታለች።»

እናቴ ለቅሶ ቤት ከአክስቴ ጋር መሄዷን አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የሄደችው ግን እህቷን ለመሸኘት፣ እንደ ማንም ሴት ለመቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ሰው የምታወርደዋን ነው የሚያየው። የምትቀበለዋን፣ የስንኙን ጭራ ይዛ ከፍ አድርጋ ለሴቶቹ የምታቀብለዋን፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ለእህቷ ትንፋሽ የምትገዛላትን ማን ልብ ይላል? ሙሾ ብቻውን አይወርድም። አንዷ ትጥላለች፤ አንዷ ታነሳለች። የሚያነሳው ከሌለ መሬት ይቀራል፤ መሬት የቀረ ደግሞ የውርደት ያህል ነው። አክስቴ ከዚያ በኋላ በሄደችበት ለቅሶ ሁሉ የመንደሩ ሴቶች እየተተካኩ ተቀብለዋታል፤ የሌላው ሰው በማንም ይነሳል። የአንጓችን ግን በማንም ማስነሳት አልቻለችም። «ዛሬ በየቤቱ አይሻለሁ፤ አንቺ እንደ በግ ታይኛለሽ» አለችኝ። «ታነሳልኛለች ብዬ ነው እኮ ከቤት ቤት ያዞርሁሽ። የመጨረሻው ቤት ደርሼ ተስፋ ቆረጥሁ።»

«እኔ አልችልበትም እቴቴ።»

«እሷም አትችልበትም ነበር። ማን አስተማራት? ነይ እዚህ።»

ከበርጩማው ተነስቼ በግራዋ በኩል ተቀመጥሁ። አግዳሚዋ ጠባብ ስለሆነች ትከሻችን ተነካካ። ትኩሳት አላት። የመጨረሻዋን ብቻ አንሺ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ አለችኝ። ማሩን አንድ ማንኪያ ላሰች። ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ ወገቧን አሰረችበት፤ እኔም የራሴን ሻሽ ወገቤ ላይ አሰርሁ፤ ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም። ዓይኗን ጨፈነችና በዜማ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ያላወጣችውን ዜማ ነው፤ ለካ ለዚህ ኖሯል ስታስቀምጠው የዋለችው። ድምጿ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ያ የድሮው አለ፣ ልጅ ሆኜ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ የምሰማው፤

«እኔ ስጣራ ኖርሁ፣ አንቺ ስትመልሺ፣
ዛሬ ለራስሽ ነው፣ አንጓቼ ተነሺ።»

አበቃች። ዝናቡ ቀጥሏል። የማነሳው «አንጓቼ ተነሺ» የሚለውን ነው። አፌን ከፈትሁ፤ እናቴን ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አክስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ትጠብቃለች። እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ የቀረ ነገር ነው፤ አሁን እኔም ከተውሁት ያበቃለታል። ትንፋሽ ሳብሁ፤ ዜማው ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤

«እማዬ ተነሺ» አልሁ።

ከፍ አድርጌ ያነሳሁት አይመስለኝም፤ ተንቀጥቅጦ ነው የወጣው። ግን ወጣ። ከወጣ በኋላ ሊቆምልኝ አልቻለም፤ ደገምሁት፣ ደገምሁት፤ ከቤቱ ያልወጣው የዚያን ቀን ለቅሶ ሁሉ በዚያች ግማሽ ስንኝ ውስጥ ገብቶ ወጣ። አክስቴ አላስቆመችኝም። እስክጨርስ በትከሻዋ ደግፋ ያዘችኝ።

«ዘገየሽ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እሷም እንዲሁ ነበረች፤ ሁልጊዜ ታስጠብቀኝ ነበር።»

ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ በቀረላት ድምፅ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች።